የክቡር ጀማሪ አልጋ

ሁሉን የሚጀምር፣ አንዱንም የማይጨርስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛን ሰፈር አናጢ «ክቡር ጀማሪ» እንለዋለን። ክቡርነታቸው ሃምሳ ሊሞላቸው ነው። ወንበር ሊጠግኑ ይቀመጡና መዶሻ ፍለጋ ይነሳሉ፤ መዶሻው ሲገኝ የተሰበረው መስኮት ትዝ ይላቸዋል፤ መስኮቱን ነቅለው ሳይጨርሱ የጎረቤት ቁም ሣጥን ሊለኩ ይወጣሉ። ወንበሩ በሦስት እግሩ ይከርማል። «ትንሽ ነው የቀረው» ይላሉ። ትንሽ ያልቀረው ሥራ ኖሯቸው አያውቅም።

ክቡር ጀማሪን ላሳደገችው ታላቅ እህቱ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ወገቧ ከከዳት ወዲህ ከዝቅተኛው አልጋዋ ያለ ሰው እርዳታ አትነሳም። ከፍ ያለ አልጋ ሥራልኝ ካለችው ክረምት አልፎ በጋ መጥቷል። ሐኪሙ የነገራትንም ደብቃዋለች። ከሞት ይልቅ የሚያስፈራት እሱን እንዲህ እንደተበታተነ ጥላው መሄድ ነበር።

አንድ ማለዳ ተደግፋ መጥታ ወርክሾፑ መሃል ተቀመጠች።

«ምን ልታዘዝ፣ እታለም?»

«አልጋዬን። በየቀኑ እመጣለሁ።»

ብድግ ሲል ትጠይቀዋለች።

«የት ነው?»

«ቫርኒሽ ልገዛ።»

«አሁን ለቫርኒሽ የደረሰ ነገር አለ?»

እየተነጫነጨ ይቀመጣል። አንድ ቀን ብሶበት መጋዙን ወረወረ።

«አልችልም፣ እታለም። እኔ እንዲህ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ አትለውጪኝም።»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቷን በላው።

«አትለወጥ። ይቺን እግር ብቻ ላጋትና ትነሳለህ።»

ላጋት። ከዚያ ሌላዋን።

ብዙም ሳይቆይ እሷ ጨርሶ አልጋ ላይ ዋለች። ወርክሾፑ ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ማዶ ነው። የመላጊያው ድምፅ ሲቋረጥ ትጨነቃለች፤ ሄደ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ግን ብቻውን ሲያወራ ትሰማዋለች።

«የት ነው? ቁጭ በል። ይቺን ብቻ።»

መላጊያው ይቀጥላል። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

አልጋው አለቀ። ክቡርነታቸው ራሳቸው አስገቡት፤ አቅፈውም አስተኟት። ትንሽ ዞር ስትል አልጋው ተንገዳገደ። አንደኛው እግር አጥሯል።

«እንዴት ነው፣ እታለም?» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

ብትነግረው ወዲያው ይፈታዋል። መልሶ እስኪገጥመው ደግሞ እሷ አትቆይም።

«አልቋል። እንዳትነካው» አለችው፤ እንዳይነቃነቅም ሳትገላበጥ አደረች።