ወንድ የማይገባበት ክበብ

በአራዳ ከተሠሩት የሥልጣኔ ሥራዎች ሁሉ የወይዘሮ አይናዲስ ክበብ እንደሚበልጥ የሚክድ ካለ ወጥቶ ይናገር።

ወይዘሮ አይናዲስ የፈረንጅ ሚስቶች በር ዘግተው ያለ ወንድ ካርታ ሲጫወቱ ካዩ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለውን ባዶ ቤት ይሰጧቸው ዘንድ ባላቸውን ግራዝማች ዓምደሚካኤልን ለመኑ።

«ማኅበር ልትጠጪ ነው?»

«አይደለም፣ ክበብ ነው።»

«ጠላ የለውም?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሩ ትሰበሰባላችሁ?»

«ወንድ በሌለበት ልንቀመጥ ነዋ!»

ግራዝማች ጢማቸውን አሻሹ። «ይሁን። አንድ ወንድ ገብቶ ባገኝ ግን ቤቱ የበቅሎዎቼ ነው።»

የመክፈቻው ቀን የአፍንጮ በሯ ወይዘሮ የሺዓለም በቅሎ ሳቢ፣ ጃንጥላ ያዥና ጠብመንጃ ያዥ አስከትለው ከተፍ አሉ። ትልቅ ሴት ብቻዋን ወጣች እንዳይባል ነው። የአንድ ነጋዴ ሚስት ወይዘሮ ነጂባም ላለማነስ የዚህን እጥፍ አስከተሉ። ገረድ ማምጣት ግን ለማንም ትዝ አላለም፤ ገረድ ጠብመንጃ አትይዝ።

ዝናቡ ወረደ።

«የሰው አሽከር ደጄ ላይ ሲበሰብስ ምን እባላለሁ?» አሉ አይናዲስ።

«አሽከር ደግሞ ወንድ ነው እንዴ?» አሉ የሺዓለም።

ጉዳዩ በጥልቅ ተመረመረ። የሌላ ሰው ጠብመንጃ የተሸከመ ወንድ ወንድ እንደማይባል በአንድ ድምፅ ተወሰነና አሽከሮቹ አዳራሽ ገቡ።

ቤት የገባን ሰው ደግሞ ሳያበሉ መሸኘት የለም። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚል ክርክር እንዳይነሣ ሽሮ እንዲሆን ጸደቀ። ገረድ ስለሌለ እመቤቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠው ወጥ ቤት ወረዱ። አሽከሮቹም ሥራ ከመፍታት ብለው ለክበቡ የተገዛውን ካርታ አነሡ።

«እመቤቴ!» ሲል ጮኸ የየሺዓለም ጃንጥላ ያዥ፣ አጽብሐ፣ ከአዳራሽ። «ጨው አንሶታል!»

ይሄኔ ግራዝማች ከች። አዳራሹ በወንድ ጢም ብሏል። በቁጣ ወጥ ቤት ሲደርሱ አይናዲስን ማማሰያ እንደያዙ አገኟቸው።

«ይኼ ሁሉ ወንድ ምንድን ነው? በቃ፣ በቅሎዎቼን ላስመጣ!»

ቤቱ ሊሄድ ነው። አይናዲስ ማማሰያቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ኧረ ግራዝማች! ያ እኮ አዳራሽ ነው። ክበቡ ይኼ ነው! እስቲ ይዩ፣ ወንድ አለ?»

ግራዝማች በጭሱ ውስጥ ዓይናቸውን አጨንቁረው ፈለጉ። ወንድ የለም።

«እውነትሽን ነው» አሉና ካርታ ሊጫወቱ ወደ አዳራሽ ተመለሱ።

በዚህ ታላቅ ድል ክበቡ ዳነ። አባሎቹ ማምሻውን ወደየቤታቸው ሲገቡም፣ በየጓሯቸው አንዳንድ የክበቡ ቅርንጫፍ ከድሮ ጀምሮ ሲጨስ እንደኖረ ታወቀ።