ሊቀ ካፓሲተር

በየቤተሰቡ አንድ መርጦ የማይጨርስ ሰው አለ። ጫማ ሊገዛ ገብቶ ሱቁ እስኪዘጋ ሲለካ ይውላል፤ በማግስቱም ያንኑ አሮጌ ጫማውን አድርጎ ሌላ ሱቅ ይገባል። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ምናልባት ራሳችሁ ትሆናላችሁ።

ለእኛ የደረሱን የእህቴ ባል ናቸው። በሙያቸው የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ በማዕረጋቸው ግን ሊቀ ካፓሲተር ወትራንዚስተር። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳያቅማሙ ተቀበሉት።

እህቴ ባንድ ውስጥ ጊታር ትጫወታለች። ከጊታሯ እስከ ድምፅ ማጉያው ያለው ገመድ ረጅም ስለሆነ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። የባንዱ መሪ አንድ ቀን «ድምፅሽ ብርድ ልብስ ለብሷል። እንዲህ ከቀጠለ ቦታሽን በኪቦርድ እንሸፍነዋለን» አላት። መድኃኒቱ እግር ስር የምትቀመጥ አንዲት ሳጥን ናት፤ ውስጧ አንድ ትራንዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና አንድ ባትሪ። ድምፅ አታጎላም፤ ያለው ድምፅ ሳይደክም ገመዱን እንዲሻገር ታግዘዋለች፣ በቃ። የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ስዕሉን አየችና «የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው» አለች። ሊቀ ካፓሲተር ግን «እኔ እያለሁ የሚስቴን ድምፅ ማንም አይነካም!» ብለው ሥራውን ወሰዱ።

ይኸው ሰባት ወር።

መጀመሪያ ስልሳ አንድ ትራንዚስተር ሰበሰቡ። እያንዳንዱን ለክተው በእንቁላል ካርቶን ደረደሩና ጠባይ አወጡላቸው፤ «ይሄኛው ቁጡ ነው፣ ያኛው ሆደ ሰፊ።» የምግብ ጠረጴዛው ስለተያዘ እህቴ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ መብላት ለመደች። ቀጥሎ የካፓሲተር ተራ ሆነ። ቢጫው «በአፍንጫው ይናገራል»፣ አረንጓዴው «ይቸኩላል»፣ ቡኒው «ሐዘን አለበት»። ለእኔ ሁሉም አንድ ነው ብላቸው በአዘኔታ አዩኝና፣ «ጆሮ ላለው ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» አሉኝ። ይህቺን ንግግር በቀን አሥር ጊዜ ይሏታል፤ ዳቦ ሲገዙም ሳይቀር።

«መቼ ነው የምትጨርሰው?» አለች እህቴ።

«ቡኒው ገና አልተሟሸም።»

«ቅዳሜ እኮ ባንዱ ይፈትነኛል!»

«ቅዳሜ? የትኛዋ ቅዳሜ?»

ሐሙስ ዕለት ጠጋኟን እየጎተትኩ ቤታቸው አመጣኋት። ካርቶኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያም ቢጫውንና ቡኒውን አነሳች። «ጌታው፣ ሁለቱም መጠናቸው እኩል ነው። ልዩነት ካላቸው ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩና ይንገሩን።»

ዞሩ። ጠጋኟ አንዱን ካፓሲተር በጊታሩ ገመድ መሃል አገናኘች። እህቴ አንዱን ዜማ አምስት ጊዜ ተጫወተች፤ ጠጋኟ በየመሃሉ «ቀየርኩ» ትላለች። ሊቀ ካፓሲተር ያለማመንታት ፈረዱ። «ቢጫው! አሁን ቡኒው! ወይኔ፣ እንዴት ያለ ሐዘን ነው!» አራተኛው ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሁሉም ቢጫው ነው፣ ጌታው» አለች ጠጋኟ። ቡኒውን ከኪሷ አወጣች።

እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አልክድም፣ ሰባት ወር የጠበቅኩት ሳቅ ነበር። እህቴ አልሳቀችም። ጠጋኟ ለእጇ የቀረበውን ትራንዚስተር አንስታ በየደችው፤ ሳጥኗ በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀች። እሳቸው የእጅ ባትሪ አበሩላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ጊታሩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ወጣ፤ የባንዱ መሪ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ወደ ሊቀ ካፓሲተር ጠጋ ብዬ፣ «ቢጫው እንዴት ነው? አሁንም በአፍንጫው ይናገራል?» አልኳቸው።

ዓይናቸው መድረኩ ላይ ነው። ግንባራቸው ተቋጥሯል።

«እጇን አሟታል» አሉ።

«ምን?»

«የቀለበት ጣቷ እየዘገየ ነው። ቆሞ መጫወቱ ትከሻዋን ይዟታል።»

ጆሮዬን ቀሰርኩ። ምንም የለም። መቼም አይማሩም ብዬ ሳልጨርስ ብድግ አሉ፤ የተቀመጡበትን ወንበር አንጠልጥለው፣ በዘፈኑ መሃል፣ በሰው ሁሉ ፊት መድረኩ ላይ ወጡ።

«ሰውዬ፣ ሥራ ላይ ነን እኮ!» ብሎ ጮኸ የባንዱ መሪ።

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ» አሉና ወንበሩን ከኋላዋ አስቀመጡት። እህቴ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ተቀመጠች። የቀሩትን አራት ዘፈኖች ቁጭ ብላ ጨረሰቻቸው። የባንዱ መሪ መጨረሻ ላይ «ሰኞ ልምምድ እንዳትቀሪ» አላት።

ስንወጣ እጇን እያሸች፣ «ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ ደንዝዞብኝ ነበር። እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ዋጥ አደረግኩት» አለችኝ። እኔ ከአንድ እናት ሆድ የወጣሁ ወንድሟ ነኝ፤ አልሰማሁም።

መንገድ ላይ ሊቀ ካፓሲተር መድኃኒት ቤት ገቡ፤ የትከሻ ቅባት ሊገዙ። በመስተዋቱ አሻግረን እናያቸዋለን። አንዱን ቱቦ ያሸታሉ፣ ሌላውን ወደ ብርሃን ያነሳሉ፣ የሦስተኛውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ። ሻጩ አገጩን በእጁ ደግፏል።

«ልግባና ላስቸኩላቸው?» አልኳት።

«ተወው» አለች እህቴ፣ «ይምረጥ።»

ጃኬቴን አወለቅኩና እንድትቀመጥበት የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ አነጠፍኩላት።