ለጌታ ይበቃል፣ ለማሽኑ አይበቃም

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ፣ ከሦስቱ አንዱ «ምን ማለት ነው?» ባይ ነው። ሁለቱ በአንገት ንቅናቄና በ«ያው ታውቀው የለ» ተግባብተው ሊለያዩ ሲሉ፣ ሦስተኛው እጁን ያነሳና ተሸፋፍኖ ያለፈውን ነገር መልሶ ይገልጠዋል። ይህ ሰው በዕድር ስብሰባ አለ፣ በሽምግልና አለ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ «እንዴት ሞተ?» ብሎ አያበቃም፣ «ስንት ሰዓት ላይ?» ይላል። ናይሮቢ ባለው ወገናችን መካከል ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እህት ፋንቱ ናቸው።

ዘርይሁን እህት ፋንቱን ሲሸሽ ስድስት ዓመቱ ነው። ሶፋ ሠሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሰው የማያስቀይም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ቡራኬው ሳያልቅ ይወጣል፣ ኢስሊ በሚባለው ሠፈር እሳቸው ወዳሉበት ፎቅ የሚያደርስ ሥራ ሲመጣለት ሌላ ሰው ይልካል። ክፉ ሴት ሆነውበት አይደለም። እንዲያውም ታሞ በተኛ ጊዜ ሾርባ ይዘው የመጡት እሳቸው ነበሩ። ግን ሾርባውን እያጠጡት «የት ላይ ነው የሚያምህ? ሲወጋህ ነው ሲያቃጥልህ?» ብለው ሐኪሙ ያልጠየቀውን ሁሉ ጠየቁት።

እህት ፋንቱ ሁለት ዙፋን አላቸው። አንደኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በምንከራየው የትምህርት ቤት አዳራሽ በር ላይ ቆመው የጸሎት ርእስ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ይሰበስባሉ። ወገናችን ደግሞ የጸሎት ርእስ አጻጻፍ ያውቅበታል። «የልብ ጉዳይ» ይላል አንዱ። «ስለ ፕሮሰስ» ይላል ወደ ሦስተኛ አገር መሄጃውን የሚጠብቅ ሌላው። «ጌታ ስለሚያውቀው ነገር» የሚለው ከሁሉ ይበዛል። እህት ፋንቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያነቡና ወረቀቱን ለባለቤቱ ይመልሳሉ።

«ለጌታ ይበቃል። ለምንጸልየው ለእኛ ግን አይበቃም። ምን ማለት ነው?»

እንዲህ የመረሩት ወደው አይደለም። ወንድም አወቀ የሚባል ሰው አንድ ጊዜ «ስለ አማቴ ጉዞ» ብሎ ጻፈ። ምእመኑ ሁለት ወር ሙሉ አማትየው በሰላም እንዲመጡ ጾሞ ጸለየ። አወቀ የፈለገው ጉዞው እንዲቀርለት ነበር። ጸሎቱ ተሰማና አማትየው መጡ፤ እስከ ዛሬም አወቀ ቤት ናቸው። እህት ፋንቱ ይህን ታሪክ ሲናገሩ አይስቁም፣ ጥፋቱ የሰብሳቢዋ ነው ብለው ያምናሉ።

ሁለተኛው ዙፋናቸው ኢስሊ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው «ሳይበር» የምንላት የኮምፒውተር ቤታቸው ናት። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ፎቶ የሚነሱበት አንድ በርጩማ። ፎርም ይሞላሉ፣ ፎቶኮፒ ያነሳሉ፣ መታወቂያ በላስቲክ ያሽጋሉ። ኤአይ የሚባለው ነገር መጥቶ ሰው ሁሉ ደብዳቤውንም ማስታወቂያውንም ያስጽፈው ሲጀምር፣ ሠፈሩ የሳይበሯ ዕድሜ አበቃ ብሎ ነበር። እህት ፋንቱ ግን ደንበኞቻቸው ለማሽኑ የሚጽፉለትን በትከሻቸው ላይ አጮልቀው አዩ። «አንድ ጥሩ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ጉዳዩ ያው ነው።» ሃያ ዓመት ሲመልሱት የኖሩት ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ጠበቃቸው።

ማሽኑ ደግሞ ወረቀቱን አይመልስም። እህት ፋንቱን ያስቆጣቸው ይህ ነው። «ይኼ ልጅ አዲስ ተቀጣሪ ነው» ይላሉ ስክሪኑን በጣታቸው እየመቱ። «ጎበዝ ነው፣ ሥራ አይመርጥም፣ ግን አልገባኝም ማለት ያፍራል። ካልነገራችሁት ከሆዱ ያወጣል።» ከዚያ ወዲህ ሳይበሯ ውስጥ ጥያቄያቸውን ሳይመልስ አንዲት መስመር የሚጽፍ የለም። ለማን ነው? ምን እንዲያደርግልህ ነው? አንተ የምታውቀው እሱ የማያውቀው ምን አለ? ምን እንዳይል ትፈልጋለህ?

ኑሬ መጋረጃ ነጋዴ ነው፣ ሱቁ ከሳይበሯ ሥር ነው። አንድ ቀን ማስታወቂያ አሠርቶ በኩራት አሳያቸው። «የንጉሣዊ ውበት በመስኮትዎ» ይላል።

«ለማን ነው?» አሉት።

«ለደንበኛ ነዋ፣ እህት ፋንቱ።»

«የትኛው ደንበኛ?»

«መጋረጃ የሚፈልግ!»

«ኑሬ፣ ትናንት ከአንተ ማን ገዛ? ስሟን አልጠየቅሁህም፣ ምን አለችህ?»

ኑሬ አንገቱን አከከ። የሞያሌ ሴት ነበረች፣ ለልጇ ሠርግ ነው የገዛችው፣ ፀሐዩ ቀለሙን ይበላዋል ብላ ፈርታ ጨርቁን ሦስት ጊዜ በውሃ አሳሸችው። እህት ፋንቱ ይህንኑ ለማሽኑ በአማርኛ ጻፉለት። «ለሠርግ ቤት የሚያሰናዱ የሞያሌ እናቶች ያነቡታል። ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው ይፈራሉ። ጨርቁን ራሳቸው አጥበው መሞከር ይችላሉ። ንጉሥ የሚል ቃል አታስገባ።» ማስታወቂያው ወጣ፤ የሞያሌ እናቶችም መጡ። ኑሬ ግን «እኔ እኮ ድሮም የምለው ይህንኑ ነበር» እያለ ይኖራል።

ኮሌጅ የምትማረው ሚልካስ? ኬንያ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ትዕግሥት የላትም። «እህት ፋንቱ፣ ሲሪየስሊ፣ ኢንትሮዳክሽን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ሃራካ፣ ቶሎ!» አለቻቸው አንድ ቀን። መምህሯ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚጠላ፣ ባለፈው ወረቀቷ ላይ በቀይ ምን እንደጻፈባት አንድ በአንድ አስለፈለፏት። ልጅቱ ሁሉንም መልሳ ስትጨርስ መግቢያዋ በራሷ አፍ ተነግሮ አልቆ ነበር። «እንግዲያው ኤአዩ ለምን አስፈለገ?» ብላ ተነጫነጨች። እህት ፋንቱ ፊደል እንዲያርምላት ብቻ ፈቀዱ።

ዘርይሁን ይህን ሁሉ ከሩቅ ይሰማል፣ ይስቃል፣ ይሸሻል። የሚሸሽበት ምክንያት ነበረው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን ሳይጽፍ በር ላይ ከሚሰበሰቡት መሃል የሚሸጉጠው ወረቀት «የልብ ጉዳይ» የሚል ነበር፤ ልቡ ላይ ያለውን ደግሞ ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ዘርይሁን ሚስት አለችው።

አያልነሽ ትባላለች። ካገባት በአራት ወሩ ነው አገር ጥሎ የወጣው። ናይሮቢ ገብቶ በስደተኝነት ሲመዘገብ ባለትዳር ነህ ወይ ተባለ፣ አይደለሁም አለ። ያን ቀን አፉ ላይ የመጣችው ያቺ ቃል ሰባት ዓመት አለያየቻቸው። አሁን አያልነሽ ሞያሌ መጥታ ዘመድ ቤት ተቀምጣለች፤ እሱም በፋይሉ ላይ ሊያስገባት ቢያመለክት፣ ጊጊሪ ያለው የስደተኞች ቢሮ «ቀድሞ ነጠላ ነኝ ብለዋል፣ ልዩነቱን በጽሑፍ ያስረዱ» አለው። ስልኩን አውጥቶ ለኤአይ «ለቢሮ የሚሆን የይቅርታ ደብዳቤ፣ ጥሩ አድርገህ» ብሎ ጻፈ። «ከቁጥጥሬ ውጭ በሆኑ ሁኔታዎች ምክንያት» የሚል የተዋበ እንግሊዝኛ መጣለት፣ ላከው። መልሱ አጭር ነበር። ምክንያቱን ለይተው ያስረዱ፣ የመጨረሻ ዕድልዎ ነው፣ አሥራ አራት ቀን አለዎት።

አሥራ አንዱን ቀን በፍርሃት ጨረሰ። በአሥራ ሁለተኛው እግሩ እየጎተተው የሳይበሯን ደረጃ ወጣ።

እህት ፋንቱ ሁለቱንም ደብዳቤ አነበቡ። «ከቁጥጥሬ ውጭ» የሚለው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ምን ነበር ከቁጥጥርህ ውጭ የሆነው?»

«ያው... ሁኔታው ነው፣ እህት ፋንቱ። ያውቁታል።»

«አላውቅም፣ ወንድሜ። ማሽኑም አላወቀም፤ ሳያውቅ ጻፈልህ። ቢሮውም እንዳላወቀ ይኸው ነግሮሃል።»

አንድ ሰውዬ ፎቶኮፒ ሊያስነሳ ገባ፣ እህት ፋንቱ «ሱቢሪ ኪዶጎ፣ ትንሽ ጠብቅ» ብለው ወደ ውጭ መለሱት። ከዚያ ዘርይሁን ያልጠበቀውን አደረጉ። ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፉለት።

«በአማርኛ ጻፈው። የሆነውን፣ እንደሆነው። እኔ አላነብም፤ በር ላይ ነኝ።»

ወጥተውም በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የሰው ወረቀት ገልጠው ካላዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴትዮ፣ አንገታቸውን አንዴ እንኳ አላዞሩም። ዘርይሁን ጀርባቸውን እያየ መጻፍ ጀመረ። ጣቱ መዶሻ እንጂ ኪቦርድ ስላልለመደ አንድ ሰዓት ፈጀበት።

«ባለትዳር ነህ ሲሉኝ አይደለሁም አልኩ። ውሸት ነው። አብሮኝ የተሻገረ ሰው የነጠላ ፕሮሰስ ይፈጥናል ብሎኝ አመንኩት። ቶሎ ደርሼ ላስመጣት ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ላስተካክል ስል አፈርኩ። በየዓመቱ ደግሞ ማፈሬ ባሰ። ውሸቱ የእኔ ነው። እሷ አላጠፋችም፣ እንደዋሸሁም እስከ ዘንድሮ አታውቅም ነበር።»

ጽፎ ሲጨርስ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ጠራቸው። «ያንብቡት» አለ። አነበቡት። ተግሣጽ ሲጠብቅ፣ እህት ፋንቱ አፍንጫቸውን አበሱና ከሥሩ የራሳቸውን መስመር ጨመሩ። «ይህን በግልጽ እንግሊዝኛ ጻፈው። የሚያነበው የቢሮ ሰው ነው፣ ብዙ ደብዳቤ ያነባል። አታሳምረው። ባለጉዳዩ ያልተናገረውን አትጨምርበት። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ያልገባህ ነገር ካለ ከመጻፍህ በፊት ጠይቅ።»

ማሽኑ ጠየቀ። ጋብቻው የተፈጸመው መቼ ነው? ማስረጃ አለ ወይ? ዘርይሁን ሆሳዕና ካለች ቤተ ክርስቲያን የተሰጠው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ፎቶ በስልኩ ውስጥ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስልክ በቀየረ ቁጥር እያሻገረው ኖሯል። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ናይሮቢ ውስጥ ትዳርህን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ የሚል ነበር።

«ማንም የለም ብለው ይጻፉለት» አለ ዘርይሁን።

«እስከ ዛሬ ማንም አልነበረም ነው እውነቱ» አሉ እህት ፋንቱ። «አሁን እኔ አውቃለሁ።»

የደብዳቤው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «ነጠላ ነኝ ብዬ የተናገርኩት እውነት አልነበረም» የሚል ነበር። ዘርይሁን ሲያነበው ከስንት ዓመት በኋላ ትከሻው ቀለለው። ላኩት። ከአራት ወር በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠሩት፣ በዚያም ያንኑ ቃል ሳያዛንፍ ተናገረ፤ የአያልነሽ ስም ፋይሉ ላይ ገባ።

አያልነሽ የመጣች ቀን ዘርይሁን ብቻውን ሊቀበላት አስቦ ነበር። የሞያሌው አውቶቡስ ኢስሊ ሲደርስ ግን እህት ፋንቱ ቀድመው ቆመዋል፤ ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፣ አንዱን ጠይቀው ነው። አያልነሽ አቧራ ለብሳ ወረደች። ባልና ሚስት እንደ ሩቅ ዘመድ በትከሻ ተሳሳሙ፣ ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ። እንዴት ነሽ?» አሉ እህት ፋንቱ።

«ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን።»

«እሱስ ይመስገን። ደህና ስትይ ግን ምን ማለትሽ ነው?»

ዘርይሁን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። በዚህ ቀን እንኳ! አያልነሽ ሴትዮዋን ትኩር ብላ አየቻቸው፤ ማን እንደሆኑም ገና አታውቅም። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«ደህና አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «መጀመሪያ እዚሁ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ቀጥሎ እቆጣሃለሁ፤ እስክጨርስ አትመልስልኝም። ምክንያትህን በላክህልኝ የአማርኛ ደብዳቤ ላይ አንብቤዋለሁ፣ አትድገምልኝ። ከዚያ እንበላለን።»

ዘርይሁን በሕይወቱ እንዲህ ጥርት ያለ ትእዛዝ ሰጥቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ስድስት ዓመት የሸሻቸውን ሴትዮ በዚያች ደቂቃ እንደ እናቱ ወደዳቸው፤ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። አትመልስልኝም መባሉ ትዝ አለውና ዘጋው። አያልነሽ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ እሱም ከጎኗ ተቀመጠ። እህት ፋንቱም ከፊታቸው ቆመው፣ ሻንጣ ልሸከም፣ ቦዳ ሞተር ልጥራ እያሉ የከበቧቸውን ሰዎች በሁለት እጃቸው ወደ ኋላ መመለስ ያዙ።