ክብርት ሿሚና አዲሱ ጥርሳቸው

በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ሰፈር፣ ሰውን ሳይማር የሚያስመርቁ አንዲት እናት አይጠፉም። የኔዋን ያገኘኋቸው ለሥራ ልምምድ ሰው አገር ስሄድ ነው፤ ያረፍኩት እሳቸው ቤት ነበር። «ክብርት ሿሚ» እላቸዋለሁ፤ ሹመት አያልቅባቸውማ!

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በክብርት ሿሚ አፍ ግን «ከተማው ያለሱ ቀጥ ይል ነበር።» ፖስታ አዳዩ «የመንግሥት ምስጢር የሚያውቅ ሰው» ነው። እኔማ ሻንጣዬን በደረጃው አውጥቼ ሳልጨርስ ጎረቤት ተጠርቶ «ዶክተራችን ገባች!» ተባለልኝ።

«ኧረ እማማ፣ ዶክተር አይደለሁም! ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ልለማመድ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ጥርስ አፍ ውስጥ አይደል ያለው? ዝም በይ ልጄ፣ ትሕትና ሲበዛ ያስንቃል።»

በሳምንቱ መውጫ መግቢያ አጣሁ። ዳቦ ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ሊፍት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ጉንጯን በሁለት ጣት ወጥራ መንጋጋዋን አሳየችኝ። ለባልየው ስሞታ ባቀርብ «ቻይው ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ችዬዋለሁ» አሉኝ።

የምለማመድበት ወርክሾፕ ውስጥ ግን ሹመቴን የሚያውቅልኝ አልነበረም። ለጥርስ ቅርጽ ማውጫ ሰም ሳቀልጥ ጣቴን እጠብሳለሁ። ኃላፊዬ ፈገግታ በራሽን የሚሰጡ ሰው ናቸው። በወሩ መጨረሻ ቁርጤን ነገሩኝ፤ «በሕይወት ላለ ሰው አንድ ሙሉ የላይ ጥርስ ሠርተሽ ታሳዪኛለሽ። ካልሆነ ወደ አገርሽ።»

ለተለማማጅ አፉን የሚሰጥ ማን አለ? ያ ሁሉ በየመንገዱ አፉን ሲከፍትልኝ የነበረ ጎረቤት ድንገት ጥርሱ ዳነ።

ክብርት ሿሚ ነገሩን እራት ላይ ሰሙ። የላይ ጥርሳቸውን አወለቁና ሳህኑ አጠገብ ቁጭ አደረጉት።

«ይሄ ድሮም አርጅቷል። በይ ሥሪ!»

«ቢበላሽብኝስ?»

«አታበላሺም። ብታበላሺም ሾርባ አለ።»

የአፋቸውን ልክ ኃላፊዬ ለኩልኝ፤ ሌላውን ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። በፈተናዬ ቀን ክብርት ሿሚ ልጅ የሚድሩ መስለው ከች አሉ። ኃላፊዬ አዲሱን ጥርስ አጠለቁላቸው።

«ያምዎታል?»

«በፍጹም!»

«አይጫንዎትም?»

«ኧረ መኖሩንም አላወቅኩት!»

ይህን ብለው ከቦርሳቸው ፖም አወጡና በሰውዬው ፊት ቀጭ! እስከ ፍሬው ጨረሱት። ኃላፊዬ እየሳቁ ፈረሙልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ በቀኝ በኩል ብቻ ሲያኝኩ ያዝኳቸው። «እስቲ ይክፈቱ» አልኩ። የግራ ድዳቸው ቆስሏል! ጥርሱ እዚያ ጋ ሹል ነበር፤ ያን ሁሉ ፖም የበሉት እየወጋቸው ነው።

«እማማ! ትናንት ለምን አልተናገሩም?» እንባዬ መጣ።

«በሰው ፊት ልጄን ላሳጣ?»

ጥርሱን ተቀብዬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሹሉን ሞረድኩት። መልሰው አጠለቁት፤ በግራ በኩል ዳቦ አኝከው አረጋገጡ። ከዚያ መስኮቱን በረገዱና ለጎረቤታቸው ጮኹ፤ «ሰማሽ? የኔ ዶክተር ቁርሴ ላይ ነው የምታክመኝ!»

እኔም አንገቴን በመስኮቱ አወጣሁና፣ እንደ ዶክተር ኮስተር ብዬ፣ ጎረቤትየዋን «እንደምን አደሩ?» አልኳቸው።