ኢያሱ የዞረው ማሳ

ሰው ጌታን የተቀበለ ዕለት ሁለት ነገር ይሰጠዋል፤ መጽሐፍ ቅዱስና ምክር። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ምክሩ ግን በጉባኤው ቁጥር ልክ ነው። አንዷ እህት «ከዮሐንስ ወንጌል ጀምር» ትለዋለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «መጽሐፍ የሚነበበው ከመጀመሪያው ነው» ብለው ወደ ኦሪት ይልኩታል፤ እሺ ብሎ የሄደም ዘሌዋውያን ላይ፣ ከፍየል ስብና ከሥጋ ደዌ መካከል፣ እንቅልፍ ጥሎት ይገኛል። ሌላው በቀን ሦስት ምዕራፍ እንደ ኪኒን ያዝለታል፤ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ብቻ አይነግረውም። እናንተም መክራችሁ ታውቃላችሁ፤ አትካዱኝ። ከመካሪዎቹ ስንቱ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንዳነበበው ግን የጠየቀ የለም። እኔ ለምሳሌ አላነበብኩትም። ይህ ከመምከር አላገደኝም።

የእኔ ተመካሪ ኢያሱ ይባላል። ብረት በያጅ ነው፤ ያኔ ቡራዩ ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖር ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገበት የቀበሌ ቤት «ለልማት» ሲፈርስ ነው ወደ ዳር የተገፋው። ከዚያ ወዲህ አምስት ቤት ቀይሯል። አከራያችን ደግሞ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ኪራይ መጨመር የሚያምራቸው ሴት ናቸው። ስለዚህ የኢያሱ ጸሎት አጭር ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ቦታ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ንባቡን የመከታተል አገልግሎት ለእኔ ተሰጠ። «ከየት ልጀምር?» ሲለኝ፣ ያላነበብኩትን መጽሐፍ ማብራራት ስለከበደኝ፣ መንፈሳዊ የምትመስል መልስ ሰጠሁት። ጸልይ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ግለጥ፤ ጣትህ ያረፈበት የአንተ ነው አልኩት።

ጨፍኖ ገለጠ። ጣቱ መጽሐፈ ኢያሱ ላይ አረፈ፤ ያውም ምዕራፍ አንድ።

እስቲ አስቡት። የገዛ ስሙ ተጽፏል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ እግሩ የረገጠው ስፍራ ሁሉ እንደተሰጠው ይነበባል። እንኳን ቤት አልባው ባለ ሦስት ፎቁም ቢሆን ልቡ ይሸፍት ነበር። እየሮጠ መጥቶ አሳየኝ። «ወንድሜ፣ ይህ ለሌላ ኢያሱ የተነገረ ነው» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ዓይኑ እንባ አቅሯል፤ እኔም አለማወቄ እንዳይነቃብኝ ፈርቻለሁ። «ይኸው፣ በስምህ ጠራህ» አልኩት።

እሱም ንባቡን ቀጥሎ ምዕራፍ ስድስት ላይ እስራኤላውያን ኢያሪኮን ሲዞሩ አገኛቸው። ስድስት ቀን አንድ አንድ ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ሰባት ጊዜ። በማግስቱ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከጠጠር ማምረቻው ጎን ያለውን ማሳ መዞር ጀመረ። ከዚያ ሁሉ መሬት ለምን ያንን እንደመረጠ ብጠይቀው ለታክሲ ስለሚቀርብ ነው አለኝ።

አሁን ጊዜውን ላስታውሳችሁ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋ ማስተር ፕላን መጣ የተባለበት፣ ሰበታም ሱሉልታም ወሬው እሱ ብቻ የነበረበት፣ ዛሬ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ነገ የሚከፈትበት፣ እኛም ከአስኮ ወዲህ በእግራችን የምንኳትንበት ጊዜ ነበር። በተቃውሞው ልጅ ሞቶባቸው ድንኳን የጣሉ ቤቶች ነበሩ፤ በዚህ አልቀልድም። ገበሬው ካሳ ተቀብሎ የተነሳ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከጎረቤቱ አይቷል፤ ጎረቤቱ በገዛ ማሳው ላይ የተሠራ ፋብሪካ ዘበኛ ነው። ስለዚህ ያኔ ማሳ ዳር ሜትር ይዞ የቆመ ሰው ለጤናው መስጋት ነበረበት። የእኔ ኢያሱ ደግሞ ጥቁር መጽሐፍ በብብቱ ሸጉጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ዙሩን በጣቱ እየቆጠረ፣ በየጠዋቱ የሰው ማሳ ይዞራል።

በሰባተኛው ቀን አብሬው ሄድኩ። ግን አልዞርኩም፤ አስፋልቱ ዳር ቆሜ በጸሎት አግዘው ነበር። አራተኛው ዙር ላይ ወጣቶች ከየአቅጣጫው መጥተው ከበቡት። እኔም እገዛዬን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል ይባል የለ። ቀያሽ ነህ አሉት። አይደለሁም፣ እየጸለይኩ ነው አለ። ምን ብለህ አሉት። አዲስ ክርስቲያን ችግሩ ውሸት የተወው በቅርቡ መሆኑ ነው።

«ይህን መሬት እንድወርስ» አላቸው።

ድንጋይ ያነሳ እጅ አየሁ። በዚያ ላይ ኢያሱ ወደ እኔ እየጠቆመ «ያስተማረኝ እሱ ነው» አለ። ሄደው አመጡኝ።

ከዚያ የማሳው ባለቤት ኦቦ ቶላ ደረሱ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቦት ጫማቸው ጭቃ የለበሰ አዛውንት ናቸው። ወጣቶቹን በኦሮምኛ አረጋጓቸውና «አከም ቡልተን» ብለው እኛን ሰላም አሉን። መጽሐፉን ከኢያሱ እጅ ወሰዱ። ለካ እሳቸው ይህንኑ መጽሐፍ በኦሮምኛ እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ሲያነቡት ኖረዋል። ኢያሱ ቦታውን ገልጦ አሳያቸው። አነበቡት፤ ስሙንም ጠየቁት።

«ኢያሱ።»

«ገባኝ። ያኛው ኢያሱ ሲመጣ መሬቱ ላይ ሰው ነበረ?»

«ነበረ። ከነዓናውያን።»

«ምን ሆኑ?»

ኢያሱ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲህ ከነዓናዊው እኔ ነኛ» አሉ ኦቦ ቶላ። «እዚህ ነው የተወለድኩት፣ ልጄ። አምስት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ማሳ ጤፍ ነው። ሌላ የለኝም።»

ኢያሱ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ አፈርኩ፤ ብደበደብ ይሻለኝ ነበር። ኦቦ ቶላ ማንም እንዳይነካን ሁለታችንንም እጃችንን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙን። ሲሰናበቱም መጽሐፍ የሚነበበው ዓይን ተገልጦ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ አብረን እናንብብ አሉት። ለእኔ ምንም አላሉኝም።

ኢያሱ መሄድ ጀመረ። እሱ በአማርኛ፣ እሳቸው በኦሮምኛ፣ እያመሳከሩ ያነባሉ። የጀመሩት የጎረቤቱን ወይን ቦታ ተመኝቶ ባለ ቦታውን ካስገደለው ንጉሥ ታሪክ ነው አለኝ። እስከዚያ ድረስ በማንኛውም ገጽ ላይ ኢያሱ የሚፈልገው ምን እንደሚሰጠው ነበር፤ አሁን መጀመሪያ የሚጠይቀው በዚህ ገጽ ላይ ማን ይኖር እንደነበር ነው። እኔንም ና ብሎኝ ነበር፤ ቅዳሜ ሥራ ይበዛብኛል።

ቆይቶ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። መንገዱ ተከፈተ፣ ኦቦ ቶላም ጤፋቸውን ዘሩ። ኢያሱ ቦታ መለመኑን ትቶ ኪራይ እንዳይጨመርበት ብቻ መጸለይ ጀመረ።

አንድ እሑድ ታዲያ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወንድም ሊመሰክር መድረክ ላይ ወጣ። ለመጋዘን የሚሆን ሰፊ ስፍራ እንዲሰጠው ለዓመታት እንደጸለየ፣ በሮች ተራ በተራ እንደተከፈቱለት፣ በዚህ ሳምንት ካርታው በስሙ እንደወጣ ነገረን። ቦታው ከቡራዩ አስፋልት ወረድ ብሎ፣ ከጠጠር ማምረቻው ጎን ነው አለ።

«እውነቱን ለመናገር ገና ሄጄ አላየሁትም» አለ እየሳቀ። «በእምነት ተቀብዬዋለሁ።»

ጉባኤው ተነስቶ አጨበጨበ፤ እኔም ተነሳሁ። ከጎኔ ኢያሱ ብቻ እንደተቀመጠ ቀረ። እጅጌዬን ጎተተኝና ጎንበስ ስልለት «ለኦቦ ቶላ ማን ይነግራቸዋል?» አለኝ።

እኔ አሜን ማለት ጀምሬ ነበር። ጨረስኩት።