ከአማቴ ደጅ ያቆምሁት ቤት

በሕግ ቋንቋ ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ይባላል። የእኔ ይንቀሳቀሳል። ሕጉን ባወጡት ሰዎች አልፈርድም፤ እነሱ ሲያወጡት እኔ ገና ብየዳ አልተማርሁም ነበር። እናንተም ብትሆኑ ቤት ሲባል በሐሳባችሁ የሚመጣው መሠረት ነው፣ ግድግዳ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ ከዚያ ደግሞ በአጥር የተነሣ ከጎረቤት ጋር የማያልቅ ክርክር። እኔ ጎረቤት ካስቸገረኝ ቁልፉን አዙሬ ሌላ ጎረቤት እፈልጋለሁ። ይህ ሰውዬ ጉራውን ይነዛል የምትሉ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ በገዛ እጄ በሠራሁት ነገር ጉራ ካልነዛሁ በምን ልነዛ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ብየዳ አስተምራለሁ። ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ ላይ ከሥራ የተሰናበተ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዝቼ አቆምሁና ወንበሮቹን ነቃቅዬ፣ አልጋ፣ የቡታጋዝ ማስቀመጫ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ጣሪያው ላይ የውኃ በርሜልና ሶላር አበጀሁለት። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ለነብሮ፣ ከመስኮቱ ሥር ለድንቡሼ ማረፊያ ሠራሁ። ነብሮ ውሻችን ነው። ድንቡሼ ድመታችን ናት፤ ስሟን ያገኘችው በውፍረቷ ነው። ሁለቱን ለጎረቤት አደራ ብለን እንዳንሄድ ነብሮ ከሰው ተለይቶ ማደር አያውቅም፤ ብቻውን ከቀረ እያላዘነ ሰፈሩን እንቅልፍ ይነሣል።

ሰፈሩ ሳቀብኝ። አንዱ ጋሪ አለው፣ አንዱ ቁርጥራጭ ብረት አለው፣ አንዱ ደግሞ ውሻ ሊያንሸራሽር ነው ብሎ አገር አዳረሰው። ይህ ሁሉ ከቁም ነገር አልገባም። እኔ የምፈልገው የአንድ ሰው አድናቆት ነበር፤ የአማቴን፣ የአያ አለነን። አያ አለነ ከሐሙሲት አለፍ ብሎ ከአስፋልቱ ወደ ጣና ገባ ሲባል በሚገኝ መንደር ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሚኖሩበትን ቤት እንጨቱን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ጠርበው ነው ያቆሙት። ልጃቸውን እናኑን ለማግባት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ስለ ደመወዜ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ልጁ በእጁ ቤት ሠርቶ ያውቃል ወይ ብለው ነው። ሽማግሌዎቼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ሌላ ጨዋታ ገቡ። እኔ ግን ያችን ጥያቄ ይዣት ኖርሁ።

እናም ዕረፍት ስናገኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደን ልንታጠብ፣ በመንገዳችን ደግሞ አያ አለነ ዘንድ ልናድር ተነሣን። መንገዱ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ያስቸገረን ሰው ነው። ባቆምን ቁጥር ሰው ይሳፈራል። አንዲት እናት ዶሮ ይዘው ገቡና አልጋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው፣ ይህ መኪና እስኪሞላ ድረስ ነው ወይ የሚቆመው ብለው ጠየቁን። የምንኖርበት ቤት መሆኑን ነግረን፣ ሐሙሲት ድረስ በነፃ እናድርስዎ ብለን ለመንናቸው። በዚህ መሐል ድንቡሼ ዶሮዋን አየች፤ ዶሮዋም ድንቡሼን አየች። እናትየዋ መውረድን መረጡ።

ደረስን። አያ አለነ ከማሳቸው መጥተው ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ እኔንም አቀፉኝ፤ ስለ ጤናችን፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከተማው ኑሮ ጠየቁ። ስለ መኪናው ትንፍሽ አላሉም። ያን የሚያህል ነገር ግቢያቸው ውስጥ ተገትሮ እያለ ዞረውት አለፉ፤ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ እንኳ አላነሡም። እኔ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ መጋረጃውን ገልጬ፣ ውጪውን በፎጣ ወልውዬ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ንቀውታል አልሁ በልቤ።

ቀጥሎ የማደሪያ ነገር መጣ። አያ አለነ የራሳቸውን አልጋ ለእኛ ለቀው መደብ ላይ ሊተኙ ተሰናድተዋል። ነብሮ ግን እቤት አይገባም፤ በዚያ አገር የውሻ ቦታው ደጅ ነው፤ ደጅ ደግሞ የመንደሩ ውሾች ከበው እየጠበቁት ነው። ድንቡሼም ከመጣን ጀምሮ ዓይኗን ከጫጩቶቹ ላይ አልነቀለችም። ከእናኑ ጋር ተመካክረን፣ እንስሶቹ እንዳያስቸግሩዎት እኛ እዚሁ መኪናችን ውስጥ እናድራለን አልኋቸው። እሳቸውም "እንደ ወደዳችሁ" ብለው ገቡ። "እንደ ወደዳችሁ" በእኛ አገር ሽማግሌ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እኔ ግን የገዛ ኩርፊያዬ ይዞኝ ስለነበር አላስተዋልኋትም፤ መብራቶቼን ሁሉ አብርቼ ከነቤተሰቤ ተኛሁ።

ማለዳ በሩን ስከፍት ከግቢው ሾላ ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አያ አለነም ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ ጎረቤታቸው አያ ይርጋ፣ በከዘራቸው ጠቁመው ከአማቴ ትይዩ አስቀመጡኝ። ለካ መንደሩ መብራቴን አይቶ ኖሯል፤ ያየውንም በሚያውቀው መንገድ ተረድቶታል። አማች ከአማቱ ቤት ወጥቶ ደጃፍ ላይ ካደረ ወይ ተባሯል፣ ወይ አኩርፏል። ወሬው ገበያ ከደረሰ አያ አለነ አማቻቸውን ሜዳ ያሳደሩ ሰው ተብለው መቅረታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን መንገደኛ ሲያሳድሩ ለኖሩ ሰው ከዚህ የከፋ ስም አልነበረም።

"ምን ቢበድልህ ነው ከደጁ ሌላ ቤት የተከልህበት?" አሉኝ አያ ይርጋ።

እንዳልተጣላን ነገርኋቸው። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተጣላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው እንዲያ ነው። ምክንያቱ ውሻው መሆኑን አስረዳሁ። ለውሻ ብሎ አማቱን ትቶ ያደረ ሰው ሰምተው ስለማያውቁ ነገሩ ከጠረጠሩትም የባሰ መሆኑን ተረዱ። እናኑ ልታግዘኝ ብላ ድመቷን ብትጨምርበት አንደኛው ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ። በመጨረሻ አያ ይርጋ ወደ አማቴ ዞሩ። እኔም፣ በሉ እንግዲህ ምንም የለም ብለው ይገላግሉኝ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

"ተቀይሜአለሁ" አሉ አያ አለነ።

አያ ይርጋ ምክንያቱን እንዲናገሩ በከዘራቸው ጠቆሟቸው።

"ቤት ሠራ አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ይጠራኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠራኝም። ትናንት ይዞት መጣ፤ ከደጄ አቆመው። ግባና መርቅልኝ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለኝም። እኔ ደግሞ ሳልጠራ የሰው ቤት አልገባም፤ በመስኮትም አሻግሬ አላይም። ይኸው ሳያስመርቅ ተኛበት።"

አፈርሁ። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ከማፈሬ ይልቅ ኩራቴ በለጠ። ሰፈሩ በሙሉ ቁርጥራጭ ብረት ያለውን ነገር እኚህ ሰው ቤት ብለውታል። ዓይናቸውን የመለሱት ንቀውት ሳይሆን የሰው ቤት ነው ብለው አክብረውት ነው። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምሁና "ይግቡልኝ አያ" አልኋቸው።

ጫማቸውን ደረጃው ላይ አውልቀው ገቡ። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ፤ አልጋውን ተጫኑት፤ ከዚያ "ምሰሶው የቱ ነው?" አሉ። ጣሪያውን ዳር እስከ ዳር እንዲሸከም የበየድሁትን ብረት አሳየኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ተንጠለጠሉበት። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው፣ እናኑ አፏን ይዛ፣ አማቴ እንደተንጠለጠሉ ቆዩ። ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

"ሠርተኸዋል" አሉኝ ሲወርዱ። ዲፕሎማዬን ስቀበል እንዲህ አልሆንሁም።

አልጋው ላይ ሲቀመጡ ነብሮ ከቦታው ተነሥቶ መጥቶ እግራቸው ላይ ተጋደመ። እናኑ ደንግጣ አንገቱን ይዛ ልትጎትተው ስትል ከለከሏት። "ተይው፤ ይኸ የሱም ቤት ነው። እንግዳው እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያም በደረስንበት ሁሉ ደጅ ክፍት እንዲጠብቀን መረቁን፤ ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፤ ዕርቁ ተፈጸመ። አያ ይርጋም ከብዙ ማመንታት በኋላ ገብተው ቧንቧውን ከፍተው ዘጉት፣ ደግመውም ከፈቱት።

በዚያው ቀን ሲመሽ አያ አለነ ነገሩን ለሁሉም እንዲበጅ አድርገው አስተካከሉት። መንደሩ እንዲያይ አማች በአማቱ አልጋ ይተኛል፤ ነብሮ ብቻውን እንዳያድር ደግሞ እሳቸው መኪናው ውስጥ ይተኛሉ። እንከን አልነበረውም። እንደ ተባለውም አደርን።

ጠዋት የእሳቸውን ጋቢ ደርቤ ከቤታቸው እየተንጠራራሁ ስወጣ፣ እሳቸው ድንቡሼን አቅፈው በመኪናው መስኮት ጣናን ያያሉ። ከግቢው በር ላይ ደግሞ አያ ይርጋ፣ አሁን ከብዙ ሽማግሌዎች ጋር፣ ፊታቸውን አጥቁረው እየገቡ ነው። በእነሱ ዓይን ጥጋበኛው አማች ሽማግሌውን ከገዛ ቤታቸው አስወጥቶ ከውሻ ጋር አሳድሯቸው ተገኝቷል። ወደ መኪናው ሮጬ፣ ይውረዱና ያስረዱልኝ ብዬ ለመንኋቸው። አያ አለነ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ አልጋውን አዩ፤ ነብሮን አዩ።

"ተጣልተናል በላቸው" አሉኝ መጋረጃውን እየዘጉ። "ዕርቁም ከወንዛዬ ስንመለስ ይሁን።"

እናኑን ጠራኋትና ሞተሩን አስነሣሁ።