«ቼክ እናደርጋለን» ያሉ ሰዎች

ልጄ ታደለ፣ ታናሽ ወንድሜ አያሌው፣ የእህቴ ባል መምህር ግርማ። ሦስቱም የቢቸና ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም «ቼክ ማድረግ» ይወዳሉ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ማጣራት ነው አሉ። እኛ ቤት ግን ነገሩን ለሌላ ሰው መተው ማለት ሆኗል። ሰለቸኝ አንባቢዎቼ፣ እናንተ ዘንድስ እንዴት ነው?

ለታደለ ሚስት እንዲጠይቁ አያሌውንና ግርማን ሽማግሌ አድርጌ ወደ ሞጣ ልልክ ነበር። ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት፣ «የልጅቷ አባት ቤት መኖራቸውን ደውላችሁ ጠይቃችኋል?» አልኩ።

«አባባ፣ ቼክ አደርጋለሁ» አለ ልጄ።

«ጋሼ ደግሞ ሲጨነቅ! ቼክ እየተደረገ ነው እኮ» አለ አያሌው።

መምህሩማ ሁለቱ ቼክ ማድረጋቸውን ቼክ ሊያደርግ ቃል ገባ።

ሽማግሌዎቼ ነጭ በነጭ ለብሰው ሞጣ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። የአባትየው ወንድም ሌሊት አርፎ ቤተሰቡ በሙሉ ለቀብር መርጡለ ማርያም ሄዷል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አያቸው።

አባትየው ከቀብር መልስ ደወሉልኝ። «እኔ ወንድሜን ስቀብር የእርስዎ ሰዎች አጊጠው ደጄ ቆሙ? ሙት ዓመቱ ሳይወጣ እንዳይመጡብኝ!»

አንድ ስልክ ለመደወል ሦስት ሰው አልበቃም። የሁላችንም ኪሳራ አንድ ዓመት ነው፤ ምንም ያላጠፋችው ልጅቷም አብራን ትከፍለዋለች።